ከምድጃው ጀርባ ላለው ግድግዳ ልባስ አመራረጥ፦ ለወሎ ማእድ ቤቶች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ማእድ ቤቱን ከዋናው ቤት ጋር አያይዞ፣ ካቢኔትና ባንኮ ገጥሞ መሥራት እየተለመደ መጥቷል። ቀደም ሲል ጭሱም ቅባቱም ከግቢው ጥግ በተሠራው ማእድ ቤት ውስጥ ይቀር ነበር፤ አሁን ግን ወጥ የሚሠራበት ግድግዳ ከሳሎኑ ጥቂት እርምጃ ብቻ የራቀ፣ እንግዳም ገብቶ የሚያየው ሆኗል። የቤቱ ባለቤቶች ስለ ካቢኔቱ ቀለምና ስለ ባንኮው ድንጋይ ብዙ ይመክራሉ፤ ከባንኮው በላይና ከላይኛው ካቢኔት በታች ያለውን፣ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለውን የግድግዳ ክፍል ግን ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በተረፈ ሴራሚክ በጥድፊያ ያለብሱታል። ይህ ክፍል ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ነው፤ ስፋቱም ትንሽ ስለሆነ በጥሩ ዕቃ ቢሠራ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሦስት ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 1.8 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ለብክነት አሥር በመቶ ቢጨመርበት እንኳ ሁለት ካሬ ሜትር ይበቃዋል።

ወደ ሱቅ ከመሄድ አስቀድሞ ያንን ግድግዳ በየቀኑ ምን እንደሚነካው ማጤን ያስፈልጋል። በስልክ የምናያቸው የውጭ አገር ማእድ ቤቶች በአብዛኛው ለሌላ ዓይነት አበሳሰል የታሰቡ ናቸው። በእኛ ቤት ሽንኩርቱ ለረጅም ጊዜ ይቁላላል፣ በርበሬው በዘይት ሲበስል ይፈናጠራል፣ አልጫው እርድ ይገባበታል፣ የምጣዱ አክንባሎ በተነሣ ቁጥርም ጥቅጥቅ ያለ እንፋሎት ወደ ግድግዳው ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ከሰል ወይም ሲሊንደር ጋዝ ይተካል፤ ለመውሊድም ሆነ ለገና ዘመድ ሲሰበሰብ ደግሞ ትልልቁ ብረት ድስት ከምድጃው አልፎ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ይጣዳል። እንግዲህ ልባሱ የሚፈተነው በሦስት ነገሮች ነው ማለት ነው፤ በእሳት ሙቀት፣ በእንፋሎት፣ እንዲሁም ቀለም በያዘ ቅባት።

በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ይጨመራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐረጎን ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደሴ ክረምት የቤቱ ግድግዳ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚያድር፣ ጠዋት እንጀራ ሲጋገር እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ሴራሚክ እንደነካ ወደ ውሃነት ይለወጥና እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ውሃው ግድግዳውና ባንኮው በሚገናኙበት መስመር ላይ ይጠራቀማል፤ መስመሩ በደንብ ካልተዘጋ ወደ ካቢኔቱ ጀርባ ገብቶ እንጨቱን ያሳብጠዋል። በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ ወይም በቆቦ ይህ ችግር ቀለል ያለ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ከልባሱ ፊት ይልቅ ለመገጣጠሚያዎቹ፣ እንዲሁም ለመስኮቱና ለጭስ መውጫው አብልጦ እንዲጨነቅ እመክራለሁ።

ከሱቅ የሚገዛውን ዕቃ በቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። አንድ ናሙና ወይም ስባሪ ይዘው ይሂዱ፤ በአንዱ በኩል እርድ የገባበት የቀለጠ ቅቤ፣ በሌላው በኩል በዘይት የተለወሰ በርበሬ፣ በሦስተኛው ጥግ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርጉበትና ሌሊቱን ያሳድሩት። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ብቻ አጥበው ያድርቁት። በደንብ የተሸፈነ ሴራሚክ እንደነበረው ይመለሳል። ፊቱ ያልተሸፈነ ወይም ቀዳዳ ያለው ድንጋይ እርዱ በነበረበት ቦታ ዙሪያውን ብጫ ክብ ያሳያል። እምነበረድ ከሆነ ሎሚው የነበረበት ቦታ ቀለሙን ሳይለውጥ ይቀርና መስኮት አጠገብ ወስደው አዘንብለው ሲያዩት ጠብታውን የሚያህል ፈዛዛ ቦታ ይገኝበታል፤ በጣትዎ ቢዳብሱትም ከዙሪያው ሸከርከር ይላል። ይህ ቆሻሻ ስላልሆነ በማጠብ አይለቅም፤ አሲዱ የድንጋዩን ፊት በልቶታል።

ሴራሚክና ፖርሲሊን

ለአብዛኛው ቤት የምመርጠው ይህንን ነው። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ሸክላው ውሃ የሚመጥ፣ ፊቱ ግን በመስታወት መሰል ሽፋን የተዘጋ ነው፤ ለመቁረጥ ቀላል፣ ዋጋውም መጠነኛ ነው። ፖርሲሊን የሚባለው በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሰ ስለሆነ ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለቱን ለመለየት ዕቃውን ገልብጠው በጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ በደቂቃ ውስጥ ከመጠጠው ተራ ሴራሚክ ነው፣ ውሃው ላዩ ላይ ቆሞ ከቀረ ፖርሲሊን ነው። ለግድግዳ ልባስ ሁለቱም ይሆናሉ። እግር የማይረግጠውና ጭነት የማይሸከም ቦታ ስለሆነ፣ ለፖርሲሊኑ ጥንካሬ ብቻ ተብሎ ብዙ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚያሻው የፊቱ ዓይነት ነው። ድንጋይ ወይም እንጨት እንዲመስል ተብሎ ፊቱ ጎርበጥባጣ የተደረገ ሴራሚክ ሳሎን ውስጥ ቢያምርም፣ ከምድጃ ጀርባ ሲሆን በየጎድጓዳው ቅባትና የጭስ ጥላሸት ይቋጥራል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ከጀሪካን እየተቀዳ በሚታጠብበት ቤት ደግሞ በቡሩሽ መፈግፈጉ የዕለት ሥራ ይሆናል። በአንድ እርጥብ ጨርቅ የሚጠረገው ለስላሳ ፊት ያለው ነው። ሽፋን ሳይኖረው በመሞረድ ብቻ እንዲያብለጨልጭ የተደረገ ፖርሲሊን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሊኖሩት ስለሚችል፣ ከላይ የተገለጸውን የእርድ ፈተና ሳያልፍ መግዛት አይገባም። በቀለም በኩል ንጹሕ ነጭ እያንዳንዷን ጠብታ ያሳያል፣ ጥቁር ደግሞ የውሃ ጠብታ ደርቆ የሚተወውን ነጭ ምልክት ያጎላል። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ የአሸዋ ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቀለም የቤቱን እመቤት እፎይ የሚያሰኝ ነው።

መጠኑን ሲመርጡ ከዕቃው ይልቅ በመካከሉ የሚፈጠረውን መገጣጠሚያ ያስሉ። ከላይ የጠቀስነው ሦስት ሜትር በ60 ሴንቲሜትር የሆነው ግድግዳ በ10 በ10 ሴንቲሜትር ቁርጥራጮች ቢለበስ የመገጣጠሚያዎቹ ርዝመት ተደምሮ ከ32 ሜትር ያልፋል። ያው ግድግዳ በ30 በ60 ሴራሚክ፣ ረጅሙ ጎን ወደ ላይ ቆሞ ቢለበስ 5.4 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ አግድም የሚሄድ መገጣጠሚያም ፈጽሞ አይኖረውም። ቅባት የሚይዘው፣ ሻጋታ የሚያበቅለው፣ ከዓመታት በኋላም መልኩን የሚያበላሸው መገጣጠሚያው ስለሆነ፣ ትንንሽ ጌጠኛ ቁርጥራጮችን የሚወድ ሰው ከምድጃው ርቀው በሚገኙ ግድግዳዎች ላይ ቢያደርጋቸው ይሻላል።

መገጣጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ መሙላት የቆየ ልማድ ነው። ነጭ ሲሚንቶ ርካሽ ነው፣ ሥራው ባለቀበት ቀንም ያምራል፤ ነገር ግን ቅባት ስለሚመጥ ከምድጃው ጀርባ ጥቂት ወራት ሳይቆይ መጀመሪያ ብጫ፣ ኋላም ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በረኪና ቢፈስበት እንኳ ሙሉ በሙሉ አይነጣም። ለዚሁ ሥራ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው የመገጣጠሚያ መሙያ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ከሁለት ነገሮች ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ነው፤ ቅባትም ሆነ እርድ ወደ ውስጡ አይዘልቅም። ዋጋው ውድ ነው፣ ቶሎ ስለሚደርቅም ለሠራተኛው አስቸጋሪ ነው። ሆኖም የሚያስፈልገው ለጥቂት ሜትር መስመር ስለሆነ፣ ሌላው ግድግዳ ሁሉ በተራው መሙያ ተሞልቶ ከምድጃውና ከሲንኩ ጀርባ ያለው ብቻ በኢፖክሲ ቢሠራ ወጪው የሚቻል ነው። የመገጣጠሚያው ስፋት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ይሁን፤ ክፍተት ሳይተዉ ሴራሚኩን እርስ በርሱ አነካክቶ መለጠፍ ግድግዳው ትንሽ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ጠርዙ እንዲፈነከት ያደርጋል።

ግድግዳውና ባንኮው የሚገናኙበት የታችኛው መስመር ግን በምንም ዓይነት ሲሚንቶ አይሞላ። ሁለቱ ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ እዚያ የሚገባው ሻጋታን የሚከላከል ሲሊኮን ነው። ባንኮው እምነበረድ ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ድንጋዩን ስለሚጎዳ፣ አሲድ የሌለበትን ይጠይቁ።

ድንጋይ፣ መስታወትና ስቴንለስ ስቲል

ባንኮው ግራናይት ከሆነ ያንኑ ድንጋይ ወደ ግድግዳው ማስቀጠል እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሙቀትም ሆነ ሎሚ አይጎዳውም። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ግራናይት ግን ዘይት ሊመጥ ስለሚችል ከተገጠመ በኋላ የድንጋይ መከላከያ ፈሳሽ መቀባትና አልፎ አልፎ ማደስ ያስፈልገዋል። እምነበረድን ከምድጃ ጀርባ አልመክርም። አገራችን መልካም እምነበረድ አላት፤ ነገር ግን በተፈጥሮው ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ ሎሚ፣ ቲማቲምና ኮምጣጤ ፊቱን ይበሉታል። እምነበረድ የግድ ካስፈለገ እሳትና ውሃ በማይደርስበት፣ ለምሳሌ የቡናው ረከቦት በሚቀመጥበት ጥግ ይሁን።

ክብደቱም መታሰብ አለበት። ሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ወሎ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ያለ አገር ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። ስለሆነም የድንጋይ ልባስ በማጣበቂያ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ታችኛው ጠርዙ በባንኮው ላይ ይረፍ፣ ባንኮውም ጠንካራ ድጋፍ ይኑረው፣ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ በማይዝግ ብረት ከግድግዳው ጋር ይያያዝ። ሠራተኛው «አብሽሩ፣ አይነቃነቅም» ቢልዎትም ማያያዣውን በዓይንዎ ሳያዩ አይለፉ።

መስታወት በአንድ ቁራጭ ሙሉ ግድግዳ ስለሚሸፍን ለማጽዳት ከሁሉም የሚቀለው ነው። ከምድጃ ጀርባ የሚገባው ግን በሙቀት የጠነከረው፣ ቴምፐርድ የሚባለው ብቻ ነው፤ ተራ መስታወት በአንድ በኩል እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ቴምፐርድ መስታወት አንዴ ከጠነከረ በኋላ መቁረጥም መብሳትም አይቻልም፤ ቢሞከር ወደ ጥቃቅን ስባሪ ይበተናል። በመሆኑም የእያንዳንዱ ሶኬት ቀዳዳ ቦታና የግድግዳው ልክ በሚሊሜትር ተወስዶ አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ስድስት ሚሊሜትር ውፍረትም ይበቃል። መስታወቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ልኩ ቢሳሳት እንደገና ከማሠራት በቀር መላ ስለሌለው፣ ልኬቱ ባንኮውና ካቢኔቱ ከተገጠሙ በኋላ ይወሰድ። ግድግዳዎ ወልገድ ያለ ከሆነ ይህን ምርጫ ይተዉት።

ስቴንለስ ስቲል እሳት አይበግረውም፣ ቅባትም አይመጥም። ሁሉንም ግድግዳ በእርሱ ማልበስ ቤቱን ምግብ ቤት ስለሚያስመስለው ለመኖሪያ ቤት ብዙ አልወደውም፤ ከጋዝ ምድጃው ጀርባ ብቻ አንድ ቁራጭ አድርጎ ግራና ቀኙን በሴራሚክ መሙላት ግን በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው። 304 የሚባለውን ደረጃ ይጠይቁ፤ ማግኔት ይዘው ይሂዱና ብረቱ ላይ አጥብቆ ከተጣበቀ ዝቅተኛው ዓይነት መሆኑን ይጠርጥሩ። ብረት ስለሆነ፣ ሶኬት በአጠገቡ ካለ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከመሬት መስመር ጋር እንዲያገናኘው ያስፈልጋል። በረኪና ፈጽሞ አይንካው፤ ክሎሩ ፊቱን እየነቀሰ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣበታል።

የፒቪሲ ፓነል፣ ተለጣፊ ስቲከርና መካከሉ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ሉህ በርካሽነታቸውና ለመግጠም በመቅለላቸው በየሱቁ ተበራክተዋል። ፒቪሲ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ሲቃጠልም መርዛማ ጭስ ያወጣል። በሲንኩ በኩል ቢደረግ ተቃውሞ የለኝም፤ እሳት ባለበት በኩል ግን በማናቸውም ዋጋ መግባት የለበትም። ኤምዲኤፍ የሚባለው ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳም እንፋሎት ሲነካው ያብጣል። ገንዘብ ካጠረ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በደንብ በተለሰነ ሲሚንቶ ላይ የሚታጠብ የዘይት ቀለም ቀብቶ፣ አቅም ሲገኝ ሴራሚክ መለጠፍ የተሻለ ነው።

ግድግዳውና ሥራው

ያረጀ የጭቃ ቤት ማእድ ቤት በሚታደስበት ጊዜ ሴራሚክን በቀጥታ በጭቃ ምርግ ላይ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ጭቃውና ሲሚንቶው ስለማይያያዙ ልስኑ ከነሴራሚኩ ተገንጥሎ ይወድቃል። የሚሻለው ከግድግዳው እንጨቶች ጋር በምስማር የተያዘ የሽቦ ወንፊት ዘርግቶ በሲሚንቶ መለሰንና እርሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀላል ሴራሚክ መለጠፍ ነው። ድንጋይ ለእንዲህ ያለ ግድግዳ አይታሰብም። ብሎኬት ከሆነ ልስኑ ሸካራ ሆኖ ይቅር፤ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ይፋቅ። አዲስ ልስን በደሴ ክረምት ለመድረቅ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ በኮምቦልቻ በጋ ደግሞ ውሃ ካልጠጣ ሳይጠነክር እንደሚደርቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

አለጣጠፉ የዕቃውን ዓይነት ይከተላል። ተራ ሴራሚክ በሲሚንቶ ሊለጠፍ ይችላል፤ ሸክላው ከሲሚንቶው ውሃውን መጥጦ እንዳያደርቀው ግን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት። ፖርሲሊን ውሃ ስለማይመጥ ተራ ሲሚንቶ አይይዘውም፤ ለፖርሲሊን የተዘጋጀ ማጣበቂያ የግድ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ውድ ፖርሲሊን ገዝቶ በማጣበቂያው ላይ ይቆጥባል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢረግፍ ጥፋቱ የፖርሲሊኑ አይደለም። በአራቱ ማእዘንና በመካከሉ ጉብታ ጉብታ አድርጎ የመለጠፍ ልማድም መቅረት አለበት፤ ማጣበቂያው ጥርስ ባለው የግንበኛ ማንኪያ ሙሉ ጀርባውን ያዳርስ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሶኬቶች የት እንደሚውሉ ይወሰን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ለእርሱ ግድግዳ መቆፈር ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ከምድጃው በላይ የጭስ መሳቢያ የሚገጠም ከሆነ ከጋዝ ምድጃ ከ65 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ልባሱም እስከ እርሱ ድረስ ከፍ ይበል። ሠራተኛው መጀመሪያ በውሃ ልክ አግድም መስመር አውጥቶ ቁርጥራጮቹን ሳይለጥፍ ደርድሮ ያሳይዎ፤ ቀጫጭን ቁራጮች ዓይን በሚያርፍበት መካከል ሳይሆን በጥግ እንዲቀሩ ያኔ ማስተካከል ይቻላል።

ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብለው ይኳኩት። ሙሉ በሙሉ የተጣበቀው ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶ ድምፅ የሚያሰማው ከጀርባው ክፍተት ስላለው ተነሥቶ እንደገና እንዲለጠፍ ያስደርጉ። ይህ የሚደረገው መገጣጠሚያው ከመሞላቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ዓይነት መለያ ያለው ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ሲመረት ቀለሙ ስለሚለያይ፣ ሲገዙ በካርቶኖቹ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሥራው የተረፉትን አራት ወይም አምስት ቁራጮችም ቁጥሩ ካለበት ካርቶን ጋር ቆጥ ላይ ያስቀምጡ።